አልጋ ሥር የተቀመጠ እውነት

ባለፈው ክረምት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነው። ከድንኳኑ ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ውስጥ እንደ ወጉ ካርታ የሚጫወተው ይጫወታል፣ ወሬ የሚያወራው ያወራል። አጠገቤ የተቀመጠው ድሮ ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩት ልጅ ነው። "ልጅ" የምለው በልማድ ነው እንጂ ዛሬ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ የወንጀል ጉዳይ ይዞ ችሎት የሚቆም ጠበቃ ሆኗል። ከፊት ለፊታችን የነበሩ አንድ አዛውንት ስለያዘው ጉዳይ ሰምተው ኖሮ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄዱ "ልጄ፣ ያ ሰውዬ ገድሏል ወይስ አልገደለም?" ብለው ጠየቁት።

"አባባ፣ ቡናው እንዳይቀዘቅዝብዎ" አላቸው።

"በቃ፣ ገድሏል ማለት ነው! ባይገድል ኖሮ አልገደለም ትለኝ ነበር።"

"ባይገድልም የምመልስልዎ ይህንኑ ነው።"

አዛውንቱ ስኒያቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩት። "እንግዲያው እያወቅህ ዝም ካልክ፣ ከገዳዩ በምን ትለያለህ?" አሉት። ልጁ ፈገግ ብሎ አንገቱን ደፋ። መልስ ጠፍቶት አይመስለኝም፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሊሰጥ የሚችል አጭር መልስ ግን አልነበረውም። እኔም እቤቴ ገብቼ ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ሆኖም የአዛውንቱን ጥያቄ ብዙ አገሮች በየዘመናቸው ጠይቀውታል፤ የመለሱትም በሰው ሕይወት ከፍለው ነውና ታሪኩን ከእናንተ ጋር ልከልሰው አሰብኩ። የውጭውን ዘመን በፈረንጆቹ፣ የራሳችንን በራሳችን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አዛውንቱን መጀመሪያ ልረዳቸው። እሳቸው የሚያውቁት ሙግት የአደባባይ ሙግት ነው። በድሮው ዘመን ነገር የሚነገረው ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሰው በተሰበሰበበት ነበር። ተሟጋቹ ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን እያወዛወዘ "በላ ልበልሃ" ይላል፤ በግጥም ያዋዛል፣ በምሳሌ ይወጋል፣ በማርና በበቅሎ ይወራረዳል። ለተማሪዎቼ በቃል ግጥም ክፍለ ጊዜ ይህን ሳስተምር ከምንም በላይ የሚገርመኝ፣ ሙግቱ ሁሉ ጆሮ ላለው ሁሉ ክፍት መሆኑ ነበር። የተሟጋች ክብሩ በምላሱ ነው እንጂ በዝምታው አልነበረም።

ከዚያ ደግሞ አውጫጭኝ አለ። ሰው ተገድሎ ወይም ከብት ተሰርቆ ጥፋተኛው ካልታወቀ የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ያየውንና የሰማውን በመሐላ እንዲያወጣ ይጠየቃል፤ ነገሩ ካልወጣ ወደ እርሻውም ወደ ቤቱም መሄድ የለም። ጨርሶ ካልወጣም ካሣውን አገሩ ተካፍሎ ይከፍላል። የዚህ ሥርዓት እምነቱ ግልጽ ነው፤ ስለ ደም የሚታወቅ ነገር የግል ንብረት አይደለም፣ የሁሉም ነው፤ የደበቀ የተባበረ ነው። አዛውንቱ "በምን ትለያለህ?" ሲሉ የአባቶቻቸውን ሕግ ነው የተናገሩት።

ግን እኮ ያው ሕዝብ ነው የነፍስ አባት ያለው! አውጫጭኝ ተቀምጦ ጎረቤቱን የሚያጋልጠው ሰው፣ ማታ ለንስሐ አባቱ የሆዱን ሲናዘዝ ቄሱ ለጭቃ ሹሙ ይነግሩብኛል ብሎ አይጠረጥርም። ቢጠረጥር አይናዘዝማ። እንግዲህ ባህላችን ሁለቱንም ያውቃቸዋል፤ ሁሉ የሚወጣበትን ሜዳና ምንም የማይወጣበትን ጆሮ። ጥያቄው ጠበቃ የየትኛው ወገን ነው የሚለው ብቻ ነው።

እንግሊዞች መልሱን የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። በ1577፣ በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን፣ አንድ የሕግ ወኪል ስለ ደንበኛው ጉዳይ እንዲመሰክር ቢጠራ ፍርድ ቤቱ አይገደድም ብሎ አሰናብቶታል። ከመጀመሪያዎቹ መዝገቦች አንዱ ይኸው ነው። መነሻው ግን ለደንበኛው አዝኖ አይደለም፤ "የተከበረ ሰው የሰማውን አያወጣም" ከሚል የጨዋነት ወግ ነበር። ምስጢሩ የጠበቃው ክብር ነው እንጂ የደንበኛው መብት አልነበረም ማለት ነው።

ክብር ብቻውን እንደማያዛልቅ የታየው በ1776 ነው። የኪንግስተን ዱቼስ የምትባል ወይዘሮ ባል እያላት ሌላ አግብታለች ተብላ በእንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት ፊት ቀረበች። ስለ መጀመሪያው ጋብቻዋ ያውቃል የተባለ ሐኪም ሲጠራ፣ በሙያዬ አምነው የነገሩኝን ላወጣ ይገባኛልን ብሎ ጠየቀ። ሎርድ ማንስፊልድ የሰጡት መልስ ሐኪም በፈቃዱ ምስጢር ቢያወጣ ክብሩን ያጎድፋል፤ ፍርድ ቤት አዞት ቢናገር ግን ነውር የለበትም፣ መናገርም አለበት የሚል ነበር። ሐኪሙ ተናገረ። ጠበቃው ግን ከዚያም በኋላ አልተገደደም። ለምን? የክብር ጉዳይማ ቢሆን ሐኪሙም ጨዋ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ሕጉ ረቂቅ ሆኗል፣ ተራ ሰው ያለ ጠበቃ ችሎት ፊት ዲዳ ነው፤ ጠበቃው ደግሞ እውነቱን ካልሰማ ሊከራከርለት አይችልም፤ እውነቱን የነገርኩት ሰው ነገ ምስክር ሆኖ ይቆምብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ደግሞ አይናገርም። ቀስ በቀስ ምስጢሩ ከጠበቃው ክብር ወጥቶ የደንበኛው መብት ሆነ። ዛሬም ሊያነሳው የሚችለው ደንበኛው እንጂ ጠበቃው አይደለም።

ይህ በወረቀት ላይ ያማረ ነገር በደም ሲፈተን ያየሁት ግን በሕግ መጽሐፍ ሳይሆን በሥነ ጽሑፍ በኩል ነው። ዊልያም ታከሪን ሳስተምር "ሰው ሲሰቀል ለማየት መሄድ" የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ የሰጠው የ1840 መጣጥፍ ያጋጥመኝ ነበር። የተሰቀለው ሰው ኩርቮይዚዬ የሚባል የስዊስ ተወላጅ አሽከር ነው። ጌታውን፣ የሰባ ሁለት ዓመቱን አዛውንት ሎርድ ዊልያም ረስልን፣ ለንደን ውስጥ በተኙበት አንገታቸውን ቆርጦ ገድሏል። ቻርልስ ፊሊፕስ የተባለ አየርላንዳዊ ጠበቃ ንጹሕ ነው ብሎ አምኖ ይከራከርለት ነበር። ክርክሩ ሲጋመስ የጠፋው የብር ዕቃ በአንድ ሆቴል መገኘቱ ተሰማ። ያን ጊዜ አሽከሩ ጠበቃውን ጠርቶ ገዳዩ እሱ መሆኑን ነገረው፤ አስከትሎም እስከ መጨረሻው ልትከራከርልኝ ይገባል አለው።

ፊሊፕስ ደነገጠ፤ ጉዳዩን ሊለቅ አሰበ። ከመሐል ዳኞቹ ጎን የተቀመጡትን ባሮን ፓርክን በግል አማከራቸው። ደንበኛህ ካልፈታህ አትለቅም፣ ከማስረጃው የሚወጣውን ተገቢ መከራከሪያ ሁሉ ተጠቀም የሚል ምክር ሰጡት። ተከራከረ። ፖሊሶቹን አብጠለጠለ፤ ምስክሮቹን ነቀፈ፤ እንዲያውም በቤቱ ሠራተኛ ሴት ላይ ጥርጣሬ ጥሏል፣ ገዳዩን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው ብሏል ተብሎ ተከሰሰ። ሰውየው ተፈርዶበት ሐምሌ 6 ቀን 1840 ተሰቀለ። ከተመልካቹ መካከል ታከሪም ዲክንስም ነበሩ። ዲክንስ የፊሊፕስን የምስክር አያያዝ በብዕር ስም ለጋዜጣ ጽፎ ነቅፎታል። ወሬው ፊሊፕስን ዕድሜ ልኩን ተከተለው፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ራሱን ለመከላከል ደብዳቤ እስከማሳተም ደርሷል።

ሰዎች ፊሊፕስን የወቀሱት በምን ነበር? በዝምታው ነው? ምስጢር በመጠበቁስ ብዙ የወቀሰው የለም። የተወቀሰው በንግግሩ ነው፤ ገዳዩን እያወቀ ጣቱን ወደ ሌላ ንጹሕ ሰው አዞረ ተብሎ። እዚህ ላይ ነው የነገሩ መለያ መስመር ያለው። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፣ መዋሸት ሌላ። ዛሬ በብዙ አገር ያለው ደንብ የቆመውም እዚሁ መስመር ላይ ነው። ጠበቃ ከሳሽ እንዲያስረዳ መሞገት ይችላል፤ የምስክርን ቃል መፈተን ይችላል፤ ውሸት መሆኑን የሚያውቀውን ምስክር ግን አያቀርብም፣ ራሱም ለፍርድ ቤት አይዋሽም።

ሁለተኛው ገደብ በ1884 ተሰመረ። ይህኛው የእኛን የጋዜጠኞችን ሠፈር ይነካል። ሬይልተን የተባለ የጋዜጣ ባለቤት በስም ማጥፋት ተከሶ ይረታል። ካሣውን ላለመክፈል ኮክስ ከተባለ ሸሪኩ ጋር ሆኖ ወደ አንድ የሕግ ባለሙያ ሄዱና ንብረቱን ከባለዕዳው እጅ የሚያወጡበትን መንገድ ጠየቁ። ሽርክናችሁ እያለ አይሆንም ሲላቸው፣ ቀኑን ወደ ኋላ ወስደው ሽርክናው ቀድሞ የፈረሰ የሚያስመስል ወረቀት አዘጋጁ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሕግ ባለሙያው እንዲመሰክር ተፈቀደ። ምክንያቱም አጭር ነው፤ ያለፈ ጥፋትን ለጠበቃ መንገር መከላከያ ነው፤ ለሚመጣ ጥፋት ጠበቃን መሣሪያ ማድረግ ግን ደንበኝነት አይደለም፣ ተባባሪ ፍለጋ ነው። የነፍስ አባትም ቢሆን የትናንቱን ኃጢአት ይሰማሉ እንጂ የነገውን አብረው አያቅዱም።

ሦስተኛም አለ። ምስጢር የሆነው ቃል ነው እንጂ ዕቃ አይደለም። በ1981 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባየው ጉዳይ፣ አንድ ተከሳሽ የሟቹን የኪስ ቦርሳ የት እንደጣለ ለጠበቃው ነገረ፤ ጠበቃው መርማሪ ልኮ ቦርሳውን አስመጣ። ፍርድ ቤቱ የተነገረህ ቃል ምስጢር ነው፣ ቦርሳውን ከቦታው ካነሳህ ግን የት እንደነበረ ምስጢር ሊሆን አይችልም አለ። አይተህ ብትተወው ኖሮ ፖሊስም ራሱ ሊያገኘው ይችል ነበርና። የጠበቃ ቢሮ የደም ልብስ ማስቀመጫ መጋዘን አይደለም ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ቦታ ቦታውን የያዘ ይመስላል። አሁን ወደ ሚያመው ልግባ።

በ1973 የበጋ ወራት፣ በኒው ዮርክ ግዛት አዲሮንዳክ በሚባለው ተራራማ ደን፣ ሮበርት ጋሮ የተባለ ሰው ድንኳን ጥለው ከነበሩ ወጣቶች አንዱን ገድሎ ይሰወራል። ከብዙ ቀን አሰሳ በኋላ ተመትቶ ተያዘ። ፍርድ ቤት ፍራንክ አርማኒን ጠበቃ አድርጎ መደበለት፤ አርማኒም ፍራንሲስ ቤልጅ የተባለ የሙያ ባልደረባውን አመጣ። ጋሮ ለሁለቱ ሌሎችም ሰዎች መግደሉን ነገራቸው። የጠፉ ተብለው የሚፈለጉ የሁለት ሴቶች አስከሬን የት እንዳለ ጭምር ነገራቸው። አንዷ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ጠበቆቹ እውነት ይሁን አይሁን ብለው ሄደው ፈለጉ። አንዷን የተተወ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ፣ ሁለተኛዋን ሲራኪዩዝ ከተማ መካነ መቃብር ውስጥ ባለ ቁጥቋጦ አገኙ። ፎቶ አነሱ። ተመለሱ። ዝም አሉ።

ያልተቀበረ ሬሳ! እኛ ሬሳ ላለመተው ስንት ተራራ የምንወርድ ሕዝብ ነን፤ አፈር ያልለበሰ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከሁለቱ የአንደኛዋ አባት ከሌላ ግዛት ድረስ መጥቶ፣ አርማኒ ቢሮ ገብቶ፣ ስለ ልጄ የምታውቀው ነገር ካለ ብሎ ለመነው። አርማኒ ራሱ የሴት ልጆች አባት ነው። ሰውየውን ፊት ለፊት እያየ ምንም ሳይነግረው ሸኘው። አስከሬኖቹ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በሌላ ሰው በአጋጣሚ ተገኙ፤ ጠበቆቹ ግን ማወቃቸውን ያን ጊዜም አልተናገሩም። በሰኔ 1974 ሌክ ፕለዛንት በምትባል ትንሽ ከተማ ክርክሩ ሲሰማ፣ ጋሮ አእምሮዬ ጤነኛ አይደለም የሚለውን መከላከያውን ለማስረዳት የምስክር ወንበር ላይ ወጥቶ ሌሎቹን ግድያዎች በራሱ አፍ ዘረዘረ። ያኔ ነው ጠበቆቹ አዎን፣ እናውቅ ነበር ያሉት።

አገር ተነሳባቸው። የግድያ ዛቻ መጣ፤ ደንበኛ ሸሸ። አርማኒ ጤናውም ሥራውም ተናጋ፤ ቤልጅ ጥብቅናውን ተወው። ቤልጅ ሬሳ በወጉ እንዲቀበር በሚያዘው የጤና ሕግ ሳይቀር ተከሰሰ። በ1975 ዳኛው የደንበኛውን ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው የጠበቀው ብሎ ክሱን ዘጋው። ይግባኝ ሰሚውም ውሳኔውን አጸና፤ ሲያጸና ግን አንድ ነገር ጨመረበት። ጠበቃ ደንበኛውን መጠበቅ አለበት፣ ነገር ግን የሰውነትን መሠረታዊ ጨዋነትም ማክበር አለበት፤ ምስጢሩ ወሰን የለውም የሚለው አባባል ያሳስበናል አለ። አያችሁ? ሕጉ ነጻ አወጣቸው እንጂ አላጨበጨበላቸውም።

ታሪኩ ግን ተከታይ አለው። ጋሮ በመስከረም 1978 ከእስር ቤት አመለጠ። በዚህ ጊዜ አርማኒ አልዘጋም። ሰውየው ሲሸሽ እንዴት እንደሚደበቅ ከራሱ አፍ ሰምቶ ያውቅ ነበርና ለፖሊስ ተናገረ፤ ጋሮ በእስር ቤቱ አቅራቢያ ተከቦ ተኩስ ተለዋውጦ ሞተ። ለአባት ያልተናገረው ሰው ለፖሊስ ተናገረ! ግራ ያጋባል፤ ግን ግራ የሚያጋባው ላይ ላዩን ሲያዩት ነው። እነዚያ ሴቶች ሞተዋል፤ ንግግሩ አያስነሳቸውም። ያመለጠው ሰው ግን ገና ሊገድል ይችላል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ዛሬ ለየግዛቶቹ በአርአያነት የሚያቀርበው የሥነ ምግባር ደንብም ይኸው ነው፤ እርግጠኛ ሊባል የሚችል ሞትን ወይም ከባድ የአካል ጉዳትን ለማስቀረት ጠበቃው ምስጢር ማውጣት ይችላል።

እሺ፤ ሞት ከሆነ ይውጣ እንበል። የአንድ ንጹሕ ሰው ዕድሜስ?

በጥር 1982 ቺካጎ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት የጥበቃ ሠራተኛ ተገደለ። አልተን ሎጋን የሚባል ሰው ተያዘ። አንድሩ ዊልሰን የተባለ ሌላ ሰው ደግሞ በዚያው ሰሞን ሁለት ፖሊሶችን በመግደል ተከሰሰ። የዊልሰን ጠበቆች ዴል ኮቨንትሪና ጄሚ ኩንዝ፣ የምግብ ቤቱን ግድያ የፈጸመው እሱ መሆኑን ከራሱ ከዊልሰን ሰሙ። ሎጋን የለበትም። ምን ያድርጉ? ቢናገሩ የራሳቸውን ደንበኛ ወደ ሞት መግፋት ነው። እውነቱን በወረቀት አሰፈሩ፣ ፈረሙ፣ አሸጉ፣ ብረት ሳጥን ውስጥ ቆለፉት። ሳጥኑ ኮቨንትሪ አልጋ ሥር ተቀመጠ። ዊልሰን ከሞትኩ በኋላ ብትናገሩ ፈቅጃለሁ ብሏቸው ነበር። ሎጋን ተፈረደበት። ከዳኝነት ጉባኤው አሥሩ ሞት ይገባዋል፣ ሁለቱ አይገባውም በማለታቸው ሞት ቀርቶ ዕድሜ ልክ ሆነ። ሞት ቢሆን ኖሮ እንናገር ነበር ብለዋል ጠበቆቹ።

ዊልሰን እስር ቤት ውስጥ በኅዳር 2007 ሞተ። ሳጥኑ ተከፈተ። ሎጋን በሚያዝያ 2008 ሲወጣ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" እንላለን። ይጠራል፤ ግን አንዳንዱ ንጋት ሃያ ስድስት ዓመት ሲፈጅ ሰውየው ጎልማሳ ገብቶ አዛውንት ሆኖ ይወጣል።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ወርውሬ ከአዛውንቱ ጎን ልቆም ምንም አልቀረኝም ነበር። ያስቆመኝ የዚያው የዊልሰን ታሪክ ሌላኛው ገጽ ነው። ዊልሰን በፖሊስ ጣቢያ ተሰቃይቷል። የእምነት ቃሉ በሥቃይ የተገኘ በመሆኑ የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 ፍርዱን ሽሮ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አድርጓል። የቺካጎ ፖሊስ በርካታ ጥቁር ተጠርጣሪዎችን በሥቃይ ያናዝዝ እንደነበር ለዓለም ገሃድ ካደረጉት ጉዳዮች አንዱ የእሱ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ፖሊስ በኤሌክትሪክ ካሠቃየው በኋላ የገባበት ክፍል ውስጥ ጠበቃው የፖሊስ ሌላ ጆሮ ቢሆን ኖሮ፣ ሥቃዩን ለማን ይነግር ነበር? ንጹሑን ሃያ ስድስት ዓመት ያሳሰረውና የአሠቃዮቹን ገመና ያወጣው አንድ በር ነው። በሩ ሲዘጋም ሲከፈትም ለሁለቱም ነው።

ደግሞ ዊልሰን "ከሞትኩ በኋላ" ባይል ኖሮ ሳጥኑ እንደተዘጋ ሊቀር ይችል ነበር። በ1998 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ራሱን ያጠፋውን የዋይት ሐውስ የሕግ ባለሙያ የቪንስ ፎስተርን የጠበቃ ማስታወሻ መርማሪዎች ሲጠይቁ፣ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ምስጢሩ ከደንበኛው ሞት በኋላም ጸንቶ ይኖራል ብሏል። ሰው ከሞተ በኋላም ስሙ አለ፣ ቤተሰቡ አለ፤ ይህ ካልተጠበቀለት በሕይወት ሳለ አይናገርም የሚል ነው ሐሳቡ።

ወደ አገሬ ልመለስ። እኛ ጠበቃም ምስጢርም የሌለበት ዘመን ምን እንደሚመስል በመጽሐፍ አይደለም የምናውቀው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ያህል ሰዎች ያለ ክስ፣ ያለ ችሎት፣ ያለ ጠበቃ በአንድ ሌሊት ተረሸኑ። በቀይ ሽብር ዘመን "ማጋለጥ" የሚል ቃል ቀበሌ ለቀበሌ ዞረ፤ ራስህን አጋልጥ፣ ወንድምህን አጋልጥ ተባለ። አውጫጭኝ ወንበዴና ሌባ ለማውጣት ነበር፤ ይህኛው ልብን ለማውጣት ሆነ። እናት ለልጇ ጓደኛ ጥላ ማበደር እስክትፈራ ድረስ። ሁሉ ሰው መናገር ያለበት አገር ውስጥ ማንም ለማንም እውነት አይናገርም።

የታሪክ ነገር ሆኖ፣ ያንኑ ሥርዓት የመሩት ሰዎች ክሳቸው ታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ችሎት ፊት ሲጀመር ብዙዎቹ መንግሥት ያቆመላቸው ተከላካይ ጠበቃ ነበራቸው። ፍርዱ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. እስኪሰጥ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ያኔ "ለእነሱ ደግሞ ጠበቃ!" ያለ ሰው ብዙ ነበር። ቁጣው ይገባኛል። ግን ልዩነታችን እኮ እሱ ነው፤ እነሱ የነሱትን እኛ መስጠታችን።

በጽሑፍ ያለው ሕጋችንም ክፉ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን ጠርቶ የማነጋገር መብት ሰጥቶታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በመረጡት ጠበቃ መወከልንና በእስር ላይ ሆኖ ከጠበቃ ጋር መገናኘትን መብት አድርጎ ደንግጓል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 በሙያቸው ያወቁትን ምስጢር የሚያወጡ ሰዎችን ይቀጣል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ጠበቃውና ሐኪሙ ከሃይማኖት አባት ጋር አብረው ተቀምጠዋል። እዚያው ሕግ ውስጥ ግን አንቀጽ 443 አለ። በሞት ወይም በዕድሜ ልክ የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም ፈጻሚውን እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ያላስታወቀ ይቀጣል ይላል። ነፍስ አባትና አውጫጭኝ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው! የሚያስታርቃቸው "በቂ ምክንያት" የምትለዋ ሐረግ ናት። የሙያ ምስጢር በቂ ምክንያት ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል እኔ አይታየኝም፤ ግን እንዲህ ያለ ከባድ ነገር በሁለት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ባይቀር፣ በግልጽ ቢጻፍ እመርጣለሁ።

ደግሞም ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ጠበቃና እስረኛ ሲነጋገሩ ጠባቂው ጆሮውን ጥሎ አጠገባቸው ከቆመ፣ አንቀጽ 399 ቢኖር ምን ሊረባ? ምስጢር የሚጀምረው ከሕግ መጽሐፍ ሳይሆን ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ከሚቀመጡበት ክፍል ነው።

እንግዲህ የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ በሩ ተዘግቶ ይኑር እላለሁ። በሦስቱ አሮጌ መስኮቶች ላይ ግን አራተኛ ቢጨመርበት እወዳለሁ። ለውሸት አይደለም፣ ለሚመጣ ወንጀል አይደለም፣ ሊደርስ ያለ ሞትን ለመሸሸግ አይደለም ተብሏል፤ ንጹሕ ሰው በሌላው ጥፋት እንዲታሰርም አይሁን። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ይህችን መስኮት በደንቧ ከፍታለች፤ ጠበቃው በስህተት የታሰረን ሰው ለማዳን መናገር ይችላል። ሰማይ አልተደፋም። ይህ ሲሆን ከደንበኛው የተወሰደው ቃል መልሶ እሱኑ መቅጫ እንዳይሆን መከልከል ያስፈልጋል፤ አለዚያ ማንም አፉን አይከፍትም፣ መስኮቷም ምንም የማይታይባት ትሆናለች።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ለዚያ ተማሪዬ ስልክ ደወልኩለት። "የሽማግሌውን ጥያቄ መልስ አገኘሁልህ" አልኩት።

"ምን ብለው መለሱ፣ ጋሼ?"

"ገዳዩ ዝም የሚለው ለራሱ ነው፤ አንተ ዝም የምትለው ለሌላ ሰው ነው። ልዩነቱ እሱ ነው።"

ትንሽ ዝም አለ። "ጥሩ ነው" አለኝ፤ "ግን ለአባባ አይበቃቸውም። ለእኔም ሁልጊዜ አይበቃኝም። ማታ ማታ የማይበቃኝ ጊዜ አለ።"

አልጋው ሥር ምን እንዳለ አልጠየቅሁትም።